ተቀጽላዎች ሲጣሉ ዳኛው ማን ነው?

ጠበኞችን ለየብቻ አቁሞ መጠየቅ የቆየ የሽማግሌ ብልሃት ነው። ይህ ብልሃት በኮምፒዩተር ቪዲዮ ለሚያዘጋጅ ሰውም ይጠቅማልና ጥቂት ልንገርዎ።

ቪዲዮ ለመቅዳትና በቀጥታ ለማሰራጨት ብዙ ሰው ኦቢኤስ ስቱዲዮ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ ብቻውን ሳለ እምብዛም አያስቸግርም። ዳሩ ግን አንዱ ድምፅ የሚያጠራ፣ ሌላው ከሰው ጀርባ ያለውን የሚያደበዝዝ ፕለጊን፣ ማለት ተቀጽላ፣ እያመጣ ይጨምርበታል። ተቀጽላዎቹን የሠሯቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ሥራቸው ግን በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ስለዚህ አንዱ ሲወድቅ ቤቱን ሁሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የፕሮግራሙ 28ኛ ዕትም ሲወጣ፣ መስኮቶቹ የሚሠሩበት ኪውት የተባለው መሣሪያ ከ5ኛው ወደ 6ኛው ተለወጠ። በ5ኛው ልክ የተሰፉ ተቀጽላዎችም እንደገና እስኪሠሩ ድረስ ከአዲሱ ዕትም ጋር መስማማት አቃታቸው። የበደለ የለም፤ ልኩ ተለወጠ እንጂ።

እንግዲህ ፕሮግራሙ በሥራ መካከል እየተዘጋ ቢያስቸግርዎ፣ ነቅለው እንደገና ለመጫን አይቸኩሉ። ተቀጽላዎቹ በፎልደራቸው ከቀሩ ጠቡም አብሮ ይቀራልና።

በመጀመሪያ በ2016 ዓ.ም. በወጣው 30ኛ ዕትም በተጨመረው «ሴፍ ሞድ» ይክፈቱት፤ ያን ጊዜ ከውጭ የመጡት ተቀጽላዎች ሁሉ ከደጅ ይቀራሉ። በሰላም ከሠራ ጥፋቱ ከእንግዶቹ ዘንድ ነው። ቀጥለው የተቀጽላዎቹን ግማሽ ከፎልደሩ አውጥተው በሌላ ስፍራ ያኑሩና ይሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ በወጡት፣ ካልጠፋ በቀሩት ውስጥ ይፈልጉ። እንዲህ እያጋመሱ ሲሄዱ፣ አጥፊው አንድ ከሆነ ከ16 ተቀጽላ መካከል በ4 ሙከራ ይያዛል።

ሁለቱም ግማሾች ለየብቻቸው በሰላም ከሠሩስ? ጠበኞቹ ተለያይተዋል ማለት ነው። አንዱን ግማሽ በቦታው ትተው ከሌላው አንድ አንድ እያሉ ይመልሱ፤ ጠቡን ያስነሣው ከሁለቱ ባላንጣዎች አንዱ ነው። አዲስ ዕትም ካለው ይለውጡት፤ ከሌለው ያሰናብቱት። በዚህ ሁሉ መካከል የለወጡትን በወረቀት ይመዝግቡ፤ ሁለት ነገርም ባንድ ጊዜ አይለውጡ፤ መድኃኒቱ የትኛው እንደ ነበረ አይታወቅምና።

የምረቃ በዓል አይደገምም፤ የአለቃም ንግግር «እንደገና ይበሉልን» አይባልም። ስለዚህ ፍተሻው ከቀኑ አስቀድሞ ይሁን፤ በዋዜማውም አዲስ ተቀጽላ አይጨምሩ። «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆንብዎ።