ከሥራ መልስ ስለሚደረግ የቋንቋ ትምህርት

በፍኖተ ሰላም የምታገለግል አስታማሚ ቀኑን ሙሉ ከሕመምተኛው ጋር የምትነጋገረው በአማርኛ ነው፤ የመድኃኒቱ ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠብቃታል። በቡሬም በ2013 ዓ.ም. እንደ ተመረቀው እንደ ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ያለ ሥራ ሲቋቋም፥ የባዕድ ቋንቋ የጸሐፊው ጉዳይ ብቻ መኾኑ ይቀራል።

እንዲህ ላለው ሠራተኛ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚሰጠው ትምህርት ይረዳዋል ብለን እናምናለን። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለውን የማስተማሪያ ኮምፒዩተር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲኾን፥ ኋላ ሩስኛና ፈረንሳይኛ ተምረውበታል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን «ፕላዝማ» አንባብያን ያስታውሱታል። በመስኮቱ የሚታየው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ያልፋል፤ በክፍሉ የቆመው መምህርም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን ይጠብቃል፤ አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ድገምልኝ ቢሉት አይሰለችም።

ይሁን እንጂ መድገም ብቻውን ቋንቋ አይኾንም። ይህን ከጎጃም የቅኔ ቤት በላይ ማን ያውቀዋል! ተማሪው ግሡን ያጠናል፤ ግን በዚያ አያበቃም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይናገራል፥ ይታረማል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ በግሡ ቦታ ይቁም፤ የየኔታን ወንበር ግን አንስጠው። ዛሬ ድምፅ ሰምቶ የሚመልስ መሣሪያ አለ፤ ቢኾንም ምስጋና ያበዛል፥ ስሕተቱንም አንዳንድ ጊዜ በዝምታ ያልፈዋል።

አራሚ ከየት ይምጣ? ብዙ ጊዜ ከቤት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለሚከታተል፥ እናቱ ወይም አባቱ በየማታው ሦስት ዐረፍተ ነገር ከዕለት ሥራቸው አውጥተው ቢናገሩለት ሊሰማቸው ይችላል። ልጅ ወላጁን ማረሙ ንቀት የሚመስላቸው አሉ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሳይናገር የሚኖረውም በዚሁ ኀፍረት ነው። ነገር ግን በቅኔ ቤት ጢም ያወጣው ተማሪ በዕድሜ ከሚያንሰው አስነጋሪ ዘንድ ቅኔውን ሲናገር ማንም ነውር አይለውም። ልጁ በትሕትና ይናገር እንጂ ማረሙ አይከልከል።

ስለ መሣሪያው አንድ ነገር እንጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ትምህርቱን ኹሉ ከመረብ ላይ ብቻ ይጠብቅ የነበረ ሰው ያን ጊዜ ባዶ እጁን ቀርቷል። ስለዚህ መረቡ ባለበት ቀን ድምፁንና ጽሑፉን በስልኩ ውስጥ ማስቀመጥ፥ ቃላቱንም በደብተር መገልበጥ ይገባል። በገጠር ጤና ጣቢያ ለሚሠሩት ደብተሩ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል፤ የስልኩ ባትሪ ቢያልቅም እርሱ ይነበባልና።