በተቀጠረ እግር ስለሚገኝ ክብር

በአገራችን እግር ኳስ «ከፍተኛ ሊግ» የሚባለው በስሙ ከፍተኛ ይባል እንጂ በደረጃው ሁለተኛ ነው፤ ከበላዩ ፕሪሚየር ሊግ አለ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሰውን ማጽናናት ያውቁበታል። የሆነ ሆኖ የምከራከረው ስለ ስሙ አይደለም። በዚህ ሊግ ከሚሰለፉት ቡድኖች ብዙዎቹ የከተማ ስም ይዘው፣ በከተማ ገንዘብ እየኖሩ፣ የከተማውን ልጅ ግን የማያሳድጉ ስለ ሆኑ ነው። ይህም የወጣት እድገት ተብሎ ሲመሰገን ዝም ማለት አይገባም።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር ለክለቡ በጀት ይቆርጣል። ገንዘቡም የሚገኘው ከመግቢያ ትኬት ሳይሆን ከነጋዴው ግብር፣ ከመንግሥት ድጎማ፣ አንዳንድ ስፍራም ከሠራተኛው ደመወዝ «በፈቃዱ» ከሚቆረጠው መዋጮ ነው። ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ይቀጠራል፤ አሠልጣኙም በሌላ ከተማ የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች አስከትሎ ይመጣል። ፊርማ ይፈረማል፤ ውድድሩ ሲያልቅ ሁሉም ይበተናል፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሌሎች ይመጣሉ። ለከተማው የቀረለት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ መልሱ በሠንጠረዥ ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው።

ተጫዋቾቹን አልነቅፍም። በእግሩ ሠርቶ እናቱን የሚጦር ወጣት ክቡር ሥራ ይዟል። እንዲያውም የተበደሉት እነርሱ ናቸው። ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈል ቀርቶ አቤቱታ ይዘው ወደ ፌዴሬሽኑ የሚሄዱ ተጫዋቾች ወሬ በየጊዜው የሚሰማ ነው። ከተማው ከአቅሙ በላይ ቃል ይገባል፤ ቡድኑ ወደ ላይ ካለፈ ሹሙ ይመሰገናል፤ ካላለፈ ተጫዋቹ ይራባል።

ከዚህ የሚብስም አለ። በ2012 ዓ.ም. ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ፣ በተከተሉት ዓመታት የከፍተኛ ሊግ ቡድኖች በምድብ ተከፍለው፣ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰብስበው እንዲጫወቱ ተደረገ። ምክንያት አልነበረውም አልልም፤ የጉዞ ወጪም፣ የመንገድ ደኅንነትም፣ የሜዳ ጥራትም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ፍሬውን ተመልከት። በገበያ ቀን ተቀምጣ ሸጣ ግብሯን የከፈለች እናት በከተማዋ ስም የተጠራውን ቡድን በዓይኗ አታየውም። እርሷ የከፈለችው ገንዘብ በሌላ ከተማ ለሆቴል አልጋና ለምግብ ይወጣል። ቀድሞ ቢያንስ በጨዋታው ቀን ሕዝቡ ይሰበሰብ ነበር፤ መክፈል ያልቻለ ሕፃን በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ፣ የወደደውን ተጫዋች መርጦ፣ በማግስቱ በጨርቅ ኳስ እርሱን ለመምሰል ይሮጥ ነበር። አሁን ግን ድሉንም ሽንፈቱንም ከስልክ ላይ ያነባል። የማይታይ ቡድን ለሕፃን ምን ያስተምረዋል?

«ወደ ፕሪሚየር ሊግ ስናልፍ ሁሉ ይካሳል» የሚሉ አሉ። በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ያለፉት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ ነበሩ። በማግስቱ፣ በ2016 ዓ.ም. ባንኩ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ፣ ሁለቱ የከተማ ቡድኖች ተመልሰው ወረዱ። በወረዱት ላይ አልስቅም፤ ዱራሜን የሚያህል ከተማ እዚያ መድረሱ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። የምለው ግን፣ ከባንክ ጋር በገንዘብ የሚፎካከር ከተማ ሳይጫወት ተሸንፏል። ባንክ የሌለው፣ ከተማ ግን ያለው አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም በየትምህርት ቤቱ ግቢ የሚሮጡት ልጆች ናቸው። ከተማው ይህን ሀብት ትቶ በማያሸንፍበት መሣሪያ ይዋጋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ደግሞ «ኳስ ወጣቱን ከሱስ ያርቀዋል» ይላሉ። የሚጫወተውን ያርቀው ይሆናል፤ በውርርድ ቤት ደጃፍ ቁጥር እየጻፈ የሚውለውን ግን ማን አራቀው?

ያለፈው ዘመን እንከን አልነበረበትም አልልም። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሣችበት ዘመን፣ ከአገሪቱ ኃያላን ቡድኖች አንዱ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር። የፋብሪካው ቡድን ማለት የፋብሪካው ሰፈር ቡድን ማለት ነበር፤ ልጁ የሚያጨበጭብለትን ሰው በመንገድ ያገኘዋል። ዛሬ ግን ብሔራዊ ቡድናችን፣ ስታዲየሞቻችን መመዘኛውን አላሟሉም ተብሎ፣ ባለፉት ዓመታት የሜዳውን ጨዋታ ብዙ ጊዜ በሰው አገር ተጫውቷል። የየከተማው ገንዘብ ለፊርማ ሲወጣ ሜዳ ከወዴት ይመጣል?

ካስተማርሁባቸው ከተሞች በአንዱ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሸንሽኖ ለሱቅ ተሰጠ፤ በዚያው ዓመት ለክለቡ በጀት ተጨመረ። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ በአስፋልት ዳር ይጫወቱ ጀመር፤ መኪና በመጣ ቁጥር ኳሱን ይዘው ይሸሻሉ። በሥራቸው ሦስቱ ከማንኛውም ተቀጣሪ አጥቂ የማያንሱ ነበሩ፤ ያያቸው ግን አልነበረም።

ስለዚህ ክለቡ ይፍረስ አልልም። የሕዝብ ገንዘብ የሚወስድ የከተማ ቡድን ከተሰላፊዎቹ ቢያንስ ግማሹን ከገዛ ከተማውና ከዙሪያው ወረዳ ያውጣ፤ ለትምህርት ቤት ሜዳና ለስፖርት መምህር የሚበቃው ሳይለይ ለማንም ፊርማ አይከፈል፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በሕዝብ ፊት ይነበብ። የከተማው ምክር ቤት ይህን እምቢ ቢል፣ ወላጆች በስብሰባው ቀን ሄደው እጃቸውን አንሥተው ይጠይቁ፦ ዘንድሮ የተሰለፉት የእኛ ልጆች ስንት ናቸው? ለፊርማ የወጣው ስንት ብር ነው? የልጆቹስ ሜዳ ለማን ተሰጠ?