ጨዋታው የማነው?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ኒንቴንዶ ስዊች የሚባል መጫወቻ ይዞ መጣ። እኔ «ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» እየተባልኩ የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ቴከን ስጫወት ያደግኩ ነኝና «ድብድብ ከሆነ ና ብቻ!» አልኩት። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተሸነፍኩ። ያሸነፈኝስ ማን መሰላችሁ? ያቺ ቢጫዋ ፒካቹ!

ጨዋታው ሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ቀይ ቆብ የሚያደርገው ማሪዮ፣ ሰማያዊው ሶኒክ፣ የስትሪት ፋይተሩ ርዩ፣ ፓክማን ሳይቀር ከየጨዋታቸውና ከየኩባንያቸው ተጠራርተው አንድ መድረክ ላይ ይቧቀሳሉ። እንደ ቴከን እያለቀ የሚሄድ የጉልበት መስመር የለውም። በተመታችሁ ቁጥር በመቶኛ የሚቆጠር ቁጥር ይጨምራል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ርቃችሁ ትወረወራላችሁ፤ ከመድረኩ ወጥታችሁ መመለስ ካቃታችሁ ያው አለቀ።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ግን ስለ ሽንፈቴ ለማውራት አይደለም። የአክስቴ ልጅ ሲያጫውተኝ «ይሄን ጨዋታ የሠራው ኩባንያ ተጫዋቾቹ ውድድር እንዳያደርጉ ይከለክላል» አለኝ። እንዴ! ሰው ገዝቶ የሚጫወተውን? ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ጉዳዩን ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አሳቀኝ። የጨዋታው ፈጣሪ ማሳሂሮ ሳኩራይ ሥራውን የጀመረው ሃል ላቦራቶሪ በሚባል የጃፓን ድርጅት ውስጥ፣ በኋላ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከሳቶሩ ኢዋታ ጋር ነበር። በሙከራው ላይ የነበሩት ተደባዳቢዎች ስም እንኳ አልነበራቸውም። ሳኩራይ እንደ ማሪዮ ያሉትን ዝነኛ ገጸ ባሕርያት ማስገባት ፈለገ፤ ቢጠይቅ «አይሆንም» እንደሚባል ስለገመተ ግን ኒንቴንዶን ሳያስፈቅድ አስገብቶ ከሠራው በኋላ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1999 በ12 ተደባዳቢዎች ለገበያ የቀረበው ጨዋታ አጀማመሩ ይህ ነው።

ቀጥሎ ያነበብኩት ግን አላሳቀኝም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሁለተኛው ክፍል፣ ሜሌ፣ ከዓመታት በኋላም የሙጥኝ ያሉት ተጫዋቾች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢቮ በተባለው ትልቅ የላስ ቬጋስ ውድድር ላይ ቦታ ለማግኘት ለጡት ካንሰር ምርምር በሚሆን መዋጮ ተፎካክረው ከ94 ሺህ ዶላር በላይ አሰባስበው አሸነፉ። ውድድሩ ሲደርስ ኒንቴንዶ የሜሌ ግጥሚያ በኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይተላለፍ አለ። ተመልካቹ ጮኸ፤ ኩባንያውም በዚያው ቀን ክልከላውን አነሳ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነንና «እንዳይተላለፍ» የሚል ቃል ስንሰማ ጆሯችን መቆሙ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስቀምጥ ደግሞ ዘ ቢግ ሃውስ የተባለው የአሜሪካ ውድድር ሜሌን በኢንተርኔት ሊያካሂድ ተዘጋጀ። ሜሌ በራሱ በኢንተርኔት መጫወቻ የለውም፤ ይህን ያመቻቸው ስሊፒ የተባለ፣ ከተጫዋቾቹ መካከል የወጣ ፕሮግራም ነው። ኒንቴንዶ «ይህ የተቀዳ ጨዋታ ይጠይቃል» ብሎ አስቆመ፤ ውድድሩም ተሰረዘ።

እርግጥ ነው፣ የኩባንያውን ወገን ማየት ተገቢ ነው። ሥራው የሱ ነው። እኛም ነገ የጻፍነውን ሌላ ሰው ገልብጦ ቢሸጥብን ዝም አንልም። ቅጂ እያባዛ የሚነግደውን ቢከስ አልቃወምም። ግን ቸርቻሪና ተጫዋች አንድ ናቸው ወይ? እነዚያ ልጆች ከ19 ዓመት በኋላም የቆየ ጨዋታ ይዘው የተቀመጡት ስለወደዱት ነው። በኢንተርኔት የሚያጫውት ሜሌ ኩባንያው ሸጦላቸው ቢሆን ኖሮ በገዙ ነበር። ያልሸጠላቸውን ነገር ሰረቃችሁ ማለት ለኔ አይገባኝም።

የገበጣ ባለቤት ማነው? ማንም። ሁለት ሰው መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ ሲጫወት ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል ከአያቶቻችን እስከኛ የደረሰው። የቪዲዮ ጨዋታ እንደ ገበጣ ይሁን አልልም፤ ብዙ ሰው የደከመበት፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ነው። ነገር ግን አንድ ጨዋታ ከተሸጠ በኋላ ዕድሜ የሚሰጠው የሚጫወተው ሰው ነው። ኩባንያው ሠራው፤ ያኖሩት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው። ስለዚህ ከቅጂ ሽያጭ ጋር ያልተያያዘ ውድድርንና ስርጭትን ሊከለክል አይገባውም ባይ ነኝ።

አባቶቻችን በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይላሉ። ጌታው ጌትነቱ አልቀረም፤ ሜዳው ላይ ግን ለጨዋታው ሲል ቁጣውን ይውጣል። ሳኩራይ ያለ ፈቃድ ያመጣውን ሥራ ያየው ኒንቴንዶ ያን ጊዜ ቢቆጣ ኖሮ ዛሬ የሚከለክለው ጨዋታም አይኖረውም ነበር። ያኔ ለሳኩራይ ያሳየውን ትዕግሥት ለተጫዋቾቹም ቢያሳይ ምን ይጎድልበታል?

የአክስቴ ልጅ ለሚቀጥለው ክረምት እመለሳለሁ ብሏል። እኔም ፒካቹን እየጠበቅኳት ነው።

ቸር እንሰንብት!