«ፎርማት ይደረግ» የሚሉት በሽታ

«ሲ ሞልቷል፤ ፎርማት ይደረግ!»

ላፕቶፕ ኖሮት ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት። ድምፁ ጠፋ? ፎርማት። አፕዴት ካደረገ በኋላ ቦታ አለቀበት? ፎርማት ነዋ፣ ሌላ ምን አለ! ጉንፋን የያዘውን ሁሉ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚያስገባ ሐኪም ቢኖር ፈቃዱን እንቀማው ነበር። ለኮምፒውተር ሲሆን ግን ከፍለን፣ አመስግነን እንወጣለን።

ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አንድ ወዳጅ አለኝ፣ የአርቦሬ ልጅ። ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ክረምት ሙሉ አገሩ ተቀምጦ የአያቱንና የእኩዮቻቸውን ድምፅ ቀዳ። የከብት ዘፈን አለበት። የወይጦ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ በተወው እርጥበት ላይ ማሽላ እንዴት እንደሚዘራ፣ ማን ከማን እንደሚጋባ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ቦታ እንደማይነገር አለበት። አሥራ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ድምፅ! ሁሉንም ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጠው። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ከዚያ ጂንካ ገባና ዋይፋይ አገኘ። ላፕቶፑም ዋይፋይ አገኘ። ሌሊቱን አፕዴት ሲያደርግ አድሮ ጠዋት ሲከፈት ሲ ድራይቭ ቀይ ሆኗል። ትናንት ሠላሳ ጊጋባይት ክፍት ነበር፤ ዛሬ ሁለት አይሞላም። ልጁ ደንግጦ ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያው ለአንድ ደቂቃ አየውና ፈረደ፦ «ቫይረስ ነው ወንድሜ፣ ፎርማት ይፈልጋል። አታስብ፣ ዲ ላይ ያለውን አልነካብህም።» ከሁለት ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ሆኖ ተመለሰ፤ ቦታው ተርፎ፣ ፊልም ተጭኖበት ሁሉ። አሥራ አንዱ ሰዓት ግን የለም። ዴስክቶፕ ያለው ዲ ላይ ሳይሆን ሲ ላይ ነውና! አያትየው ደግሞ ከዚያ በፊት አርፈው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አርቦሬዎች ከ10 ሺህ በታች ነበሩ። ስለ ቋንቋቸው የተጻፈው ዋናው መጽሐፍ አንድ እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ፣ ዲክ ሄይዋርድ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። እንዲህ ባለ ቋንቋ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጥፋት ማለት «አልበሜ ጠፋብኝ» ማለት አይደለም። ከሌላ ቦታ ዳውንሎድ አይደረግም!

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ቦታው አልጠፋም ነበር።

ዊንዶውስ ከአንድ ስሪት ወደ ሌላ ስሪት ሲያድግ የድሮውን አይጥለውም። «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ከትቶ ሲ ላይ ያስቀምጠዋል። ለምን? አዲሱ ካልተስማማችሁ ወደ ነበራችሁበት እንድትመለሱ። ይህ ፎልደር 10፣ 20 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል። በአሁኖቹ ስሪቶች የመመለሻው ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲስተሙ ራሱ ያጠፋዋል። ልብ በሉ፣ ምንም ባታደርጉ እንኳ! ወዳጄ እጁን አጣጥፎ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ኖሮ ቦታው በራሱ ጊዜ ይመለስለት ነበር።

መቸኮል ካለባችሁም መንገዱ አጭር ነው። መፈለጊያው ላይ «ዲስክ ክሊንአፕ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሲን ምረጡ፤ «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ተጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ» ላይ ምልክት አድርጋችሁ እሺ በሉት። አለቀ! ሦስት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ካጠፋችሁት በኋላ ወደ ድሮው ስሪት መመለስ የለም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ፎርማት ሳይደረግ እንደገና ተጭኖ ከሆነ የድሮ ፋይሎቻችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለው ስር ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሳትሰርዙ ክፈቱና እዩ። ሦስተኛ፣ ሴቲንግስ ውስጥ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» በሚለው በኩል የምታጸዱ ከሆነ «ዳውንሎድስ» የሚለውም ከቆሻሻው ጋር ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። እሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ያወረዳችሁት ንብረት ነው። ምልክት እንዳታደርጉበት!

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ የማይሞላ እውቀት ነው። ታዲያ ለምን ፎርማት?

አንዳንዱ «በቴክኒሻኑ አትፍረድ፣ ሰው ወረፋ ይዞ ቆሟል፣ ፎርማት ሁሉንም በአንዴ ይገላግላል» ይለኛል። እሺ፣ ይገላግላል። ቤት ማቃጠልም ከትኋን ይገላግላል! እኔ ፎርማት ፈጽሞ አይደረግ አላልኩም። የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ያልኩት፣ «ፎርማት» የሚለው ቃል ከአፍ ከመውጣቱ በፊት «ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ምን አለህ?» የሚል ጥያቄ ይቅደም ነው። ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ተሰክቶ ይገልበጥ። ጸጉር ቆራጭ እንኳ «ምን ያህል ይነሳ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሌላው ደግሞ «ጥፋቱ የማይክሮሶፍት ነው» ይላል። በከፊል እውነቱን ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ዶክመንትና ፎቶ ጠራርጎ ስላጠፋ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን ለማቆም ተገድዷል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ 8.63 ጊጋባይት «አልጠፋ አለ» ተብሎ ዓለም ሲንጫጫ፣ የቁጥሩ አቀራረብ ስህተት ነው ተባለ። የድሮውን ሲያስቀምጥም «ይህን ያህል ቦታህን ለ10 ቀን ይዤብሃለሁ» ብሎ በግልጽ አንድ መስመር ቢጽፍ ምን ይጎዳው ነበር? ዋይፋይ ቀን ከሌት ያለው፣ ፋይሉ ሁሉ ደመና ላይ የተቀመጠለት ሰው ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። ከአርቦሬ ተነስቶ በወይጦ ዞሮ፣ በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ ለጥገና የሚመጣው ልጅ በሐሳባቸው አልነበረም።

ግን እሱን እናውቃለን እኮ! እነሱ እኛን እንደማያስቡን ካወቅን፣ እርስ በርስ መተሳሰብ የኛ ፋንታ ነው። ማይክሮሶፍት የዚያን ልጅ ድምፅ አልሰረዘም፤ አስቀምጦለት ነበር። የሰረዘው ሳይጠይቅ የፈረደው የኛው ሰው ነው። ሳይጠይቅ እሺ ያለውም የኛው ሰው ነው።

ነገሩ አሁን ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 64 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል። ስለዚህ ገና ብዙ ላፕቶፕ ስሪት ይቀይራል፤ ብዙ ሲ ይቀላል፤ ብዙ ሰው ደንግጦ ጥገና ቤት ይሮጣል።

ምናልባት ፎርማቱ ያለፈባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ያኔውኑ ማሽኑን አጥፉት፤ ምንም አትጫኑበት። በድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ላይ ፈጣን ፎርማት ማውጫውን እንጂ ፋይሉን ወዲያው አይደመስስም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ «ሬኩቫ» እና «ፎቶሬክ»ን በመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች የሚተርፍ ይኖራል። ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። የወዳጄ ኤስኤስዲ ነበር፤ በዚያ ላይ ፊልም ተጭኖበታል።

አሁን ወዳጄ እንደገና ሊቀዳ ወደ አርቦሬ ወርዷል። የአያቱ እኩዮች ሁለት ቀርተዋል አለኝ። በዚህ ጊዜ ሁለት ፍላሽ ይዟል፤ አንደኛው እኔ ጋ ይቀመጣል።

እናንተም ዛሬ ማታ ሳትተኙ ዴስክቶፓችሁ ላይ ያለውን ፍላሽ ላይ ገልብጡት። ነገ ሲ ቀይ ሲሆንና አንዱ «ፎርማት ይደረግ» ሲላችሁ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሞላው እንይ» በሉት።

ቸር ይግጠመን!