ስለ አራዳ ነጋዴዎችና ስለ ድረ ገጻቸው

የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም በነበረበት ዘመን፣ ለየዕቃው የታወቀ ስፍራ ስለ ነበረው ገዢው መንገደኛውን ጠይቆ የሚሻውን ያገኝ ነበር። ጠላት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ከተማውን ከያዘ በኋላ ገበያው ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ፤ አራዳም ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ወርቅ ሠሪዎቹ ግን በዚያው ጸንተው ስለ ኖሩ ፈላጊ አላጡም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰው፣ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ የቆዩ ሰፈሮችም ተነሥተው፣ ብዙዎች ነጋዴዎች በየአቅጣጫው ሄዱ። ዛሬ ደንበኛው የሚጠይቀው በእጁ የያዘውን ስልክ ነው። እኛም በቅርቡ መነጽር ለማሳደስ የስልኩን ምሪት ተከትለን ብንሄድ፣ የደረስነው አበባ ከተተከለበት የእግረኛ መንገድ ላይ ሆነ። ሱቁ ከተዛወረ ቆይቷል፤ ባለቤቱ ግን አዲሱን ስፍራ በድረ ገጹ አልጻፈም። ከእኛ በፊት ስንት ሰው ባዶ እጁን ተመልሶ ይሆን?

ስለዚህ ነጋዴ ድረ ገጽ ማሠራቱ ብቻ እንደማይበቃው፣ ገጹ በፍለጋ እንዲገኝም ገንዘብና ትጋት ማዋል እንደሚገባው ልናስረዳ እንወዳለን። እንደ ጉግል ያለው መፈለጊያ በዓለም ያሉትን ገጾች አስቀድሞ እየዞረ ያነባል፤ ቃላቸውንም በመዝገቡ ያገባል፤ ጠያቂ በመጣ ጊዜ ይስማማዋል ያለውን ያስቀድማል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ሌሎች ገጾች ያን ገጽ መጥቀሳቸው ነው፤ ይህም ብዙ ሊቃውንት የጠቀሱት መጽሐፍ እንደሚከበር ያለ ነው። የማስታወቂያው ስፍራ በገንዘብ ይገዛል፤ ሌላው ተራ ግን አይሸጥም። አንደኛ አደርግሃለሁ ብሎ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ይህን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል ጉግል ራሱ አስታውቋልና ነጋዴው አይመነው።

በቋንቋችን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ባለቤቱ «ፀሐይ» ብሎ የሰየመውን ሱቅ አንዱ «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ» ብሎ ይፈልገዋል። ድምፃቸው በአማርኛ አንድ ቢሆንም፣ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ፊደል በልዩ ቍጥር ስለሚያውቅ፣ አንድነታቸውን ካላስተማሩት ለይቶ ሊያያቸው ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ አንድ መልክ የለውም። እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች የፊደል መደባለቅ ደስ አያሰኘንም፤ ነገር ግን ገዢው የመጣው ወርቅ ሊገዛ እንጂ በፊደል ሊፈተን አይደለም። ስለዚህ ስሙ በትክክል ከተጻፈ በኋላ የተለመዱት ሌሎች አጻጻፎችም በገጹ ቢገኙ ነውር የለበትም።

ብዙዎች የዕቃቸውን ዝርዝርና ዋጋ በሥዕል ብቻ ይለጥፋሉ። ፊደላችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረ፤ ዛሬ ግን የለም። በሥዕል ውስጥ ያለ ቃል እንደ ተጻፈ ቃል በቀላሉ አይገኝም። በዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን ለእኅቱ ሠርግ የፒያሳ የወርቅ ቀለበት ቢሻ፣ ሌሊት ተቀምጦ የሚያገኘው በጽሕፈት የቀረበለትን ነው።

የንግድ ሹማምንትም፣ ከስፍራቸው የተነሡት ነጋዴዎች አዲስ አድራሻ በንግድ ፈቃዳቸው ላይ በአማርኛም በላቲንም ፊደል ባንድ ዐይነት አጻጻፍ እንዲሰፍር ቢያደርጉ፣ ነጋዴው ያንኑ ወደ ድረ ገጹ መገልበጥ ይቀለዋል።