አልጋ አያያዙን እንጂ ፊቱን አትዩት

ሰሞኑን ከደብረ ወርቅ የተሰማው ወሬ አጭር ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩ አንዲት እናት ዘንድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ማደሪያ ፈላጊዎች መጡ። አንደኛው በእግሩ የመጣ ወጣት ነው። ከወሎ ተነሥቶ የቅኔ መምህር ፍለጋ የመጣ፣ ከአጥቢያው የተጻፈ ደብዳቤና መታወቂያ የያዘ። ለሦስት ሌሊት ማደሪያ ጠየቀ። አነጋገሩ ለጆሯቸው እንግዳ ሆነባቸውና “አልጋ የለም” ብለው መለሱት። ሁለተኛው የመጣው በስልክ ነው። “እማዬ” እያለ፣ ለተዝካር ቤተሰቡን ይዞ ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ፣ ነገ ለአንድ ሌሊት ቤቱን በሙሉ እንደሚፈልግ ነገራቸው። በዋጋ አልተከራከረም። ወዲያው የቴሌብር ክፍያ ምስል ላከ፤ ምስሉ ላይ የሚታየው የተባለው ዋጋ እጥፍ ነው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ደወለ፦ “ተሳስቼ አብልጬ ልኬያለሁ፤ ትርፉን በዚህ ቁጥር ለሾፌሬ ይላኩልኝ፣ ነዳጅ አልቆበት መንገድ ላይ ቆሟል።” ላኩለት። እንግዳው አልመጣም። ተከፈለ የተባለው ገንዘብም ከመጀመሪያው አልነበረም።

ይህን ዓምድ ያስቆጣው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰፈሩ ቡና ላይ ተሰብስቦ መከረና “ከእንግዲህ የማናውቀውን ሰው አናሳድርም” አለ። አታላዩ ደብረ ወርቅን በእግሩ አልረገጣትም። የቅጣቱ ተቀባይ የሚሆነው ነገ መሽቶበት፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በር የሚያንኳኳው ሰው ነው።

የስልኩን ጥያቄ ነጥሎ ላየው ምልክቱ ሞልቶ ነበር። ተዝካሩ የማን እንደሆነ ሰውየው አልተናገረም። ደብረ ወርቅ ላይ ደግሞ ተዝካር ያለበት ቤት አይደበቅም፤ ጠላው ሲጠነሰስ፣ ድንኳኑ ሲተከል ያልሰማ ጎረቤት የለም። “የማን ቤት ነው የምትመጡት?” የሚል አንድ ጥያቄ ነገሩን ይፈታው ነበር። በዋጋ አለመከራከሩም ምልክት ነው። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ውኃ አለ ወይ፣ መኪና የሚያድርበት ግቢ አለ ወይ፣ አልጋው ስንት ነው፣ ለሕፃን የሚሆን ፍራሽ ይገኛል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሰው ከገንዘቡ በስተቀር ስለ ምንም አልጠየቀም።

“አብልጬ ልኬያለሁ፤ ትርፉን መልሱልኝ” የሚለው ዘዴ በውጭ አገር የቆየ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት በቼክ ነበር። ከኪራዩ የበለጠ ቼክ ይላካል፣ አከራዩ ልዩነቱን ከኪሱ ይመልሳል፣ ከቀናት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል። በእኛ አገር ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የክፍያ ምስል የቼኩን ቦታ ያዘ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ “ገንዘብ ገብቷል” የሚል ጽሑፍ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ኢንተርኔት የሌለው ሰውም *127# ብሎ ሂሳቡን ያያል። ይህ ለአማራ ክልል አከራይ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በኖረበት አካባቢ ሰው በድምፅና በአጭር መልእክት ብቻ ሲገበያይ ቆይቷል። ሂሳቡ ላይ ያልታየ ብር አልተከፈለም። “ነዳጅ አልቆበት ቆሟል” የተባለው ሾፌር ደግሞ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ አይሞትም።

ያማረ ምክንያት ያለው ሰው ማሳመኑ የደብረ ወርቅ እናቶች ድክመት ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ ኦሪንዳ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2019፣ በእኛ ጥቅምት 20 ቀን 2012፣ አንድ ቤት አከራይና እንግዳን በኢንተርኔት በሚያገናኘው ኩባንያ በኤርቢኤንቢ በኩል ለአንድ ሌሊት ተከራየ። ተከራይዋ ለባለቤቱ የነገረችው የሚያሳዝን ነበር፦ አሥራ ሁለት የሚሆኑ አስም ያለባቸው ቤተሰቦቿ ከሰደድ እሳት ጭስ መሸሻ ይፈልጋሉ። ሌሊቱ ሰው ተሸፋፍኖ የሚጨፍርበት የሃሎዊን በዓል በመሆኑ ባለቤቱ ጠርጥሮ ነበር፤ ድግስ ክልክል መሆኑን አስታውሶ ግን ሰጣት። ማታ በበሩ ካሜራ ሲመለከት ከተባለው በላይ ሰው እየገባ ነው። ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ በመንገድ ላይ ሳለ ከመቶ በላይ ሰው በተሰበሰበበት ቤት ተኩስ ተከፈተ፤ አምስት ሰው ሞተ።

ልብ የሚያደማው የባለቤቱ ዓይን ምልክቱን አይቶት የነበረ መሆኑ ነው። አንድ ሌሊት፣ የበዓል ቀን፣ ሙሉ ቤት። ጠረጠረ፤ የጠረጠረውን ግን አንድ ጥያቄ ጠይቆ ከዳር አላደረሰውም።

ኤርቢኤንቢ ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2020 ድግስን በዓለም ዙሪያ ከለከለ፤ ክልከላውን በ2022 ቋሚ አደረገው። የአያያዙን ሁኔታ የሚመዝን ስልትም አበጀ። ስልቱ የሚያየው የቆይታውን ርዝመት፣ ጠያቂው የሚኖርበት ቦታ ከቤቱ ያለውን ርቀት፣ ቀኑ የሳምንት መጨረሻ መሆኑን፣ ጥያቄው በመጨረሻ ሰዓት መምጣቱን፣ ከዚህ በፊት ያሳደሩት ሰዎች ስለ እንግዳው የመሰከሩትን ነው። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ አውስትራሊያ ውስጥ ሲሞከር ያልተፈቀደ ድግስ በ35 በመቶ እንደቀነሰ ኩባንያው ተናግሯል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእንግዳው መልክ፣ ልብስ ወይም አነጋገር የለበትም።

ይህን ወደ ጎጃም ሲያመጡት ግን ማስተካከል ያስፈልጋል። በደጀን፣ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ላይ የአንድ ሌሊት እንግዳ ምንም አያስጠረጥርም፤ መኪና ይበላሻል፣ ይመሻል፣ ሰው ያድራል። የሚያስጠረጥረው ቤቱ እዚያው ቅርብ ሆኖ ሳለ ግቢውን በሙሉ ለአንድ ሌሊት የሚፈልግ፣ ስንት ሰው እንደሚያድር ሲጠየቅ ቁጥሩ የሚለዋወጥበት፣ ስሙ አንድ ሆኖ ከፋዩ ሌላ፣ የሚተኛው ደግሞ ሦስተኛ ሰው የሆነ እንግዳ ነው። መታወቂያ ሲጠየቅ የሚቆጣውም እንዲሁ።

አነጋገርና ስም ሰምቶ መጠርጠር የት እንደሚያደርስ አንድ ጥናት አሳይቶናል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ለ6,400 ያህል የኤርቢኤንቢ አከራዮች ከስም በስተቀር አንድ ዓይነት የሆነ የማደሪያ ጥያቄ ላኩ። የጥቁር አሜሪካዊ መሆኑ የሚያስታውቅ ስም ያለው ጠያቂ እሺ የመባል ዕድሉ በ16 በመቶ ያንሳል። እነዚያ አከራዮች ራሳቸውን ጥንቁቅ አድርገው ሳይቆጥሩ አልቀሩም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግዳው ፎቶግራፍ ለአከራዩ የሚታየው ጥያቄው ከጸደቀ በኋላ እንዲሆን ያደረገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የዚህ ዓምድ የቆየ ክርክር ይመጣል። “መታወቂያ መጠየቅ የአባቶቻችንን እንግዳ ተቀባይነት ማዋረድ ነው” የሚሉ ሰዎች አባቶቻቸውን አያውቋቸውም። መሽቶበት የመጣ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ “ቤቶች!” ብሎ ይጣራል፤ “የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ” ይላል። ይገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል። እየበላም ይጠየቃል፦ አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ? ወዴት ትሻገራለህ? እዚህ የሚያውቅህ ማን አለ? ይህ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። አውጫጭኝ በነበረበት ዘመን አንድ በሬ ቢሰረቅ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይቀመጥ ነበር። ትናንት ያሳደረውን ሰው ስምና መንገድ የማያውቅ አባወራ እዚያ ሜዳ ላይ ምን ይመልሳል? ማስተናገዱም መጠየቁም የአንድ ሰው ሥራ ነበር፤ የሚጠየቀውም ሁሉም እንግዳ ነበር፣ ዘመድ የሚመስለውም የማይመስለውም።

በሐምሌ ሥላሴ ስለ አብርሃም የሚነገረውን ታሪክ ደብረ ወርቅ ላይ የማያውቅ የለም። ሰይጣን ራሱን ፈንክቶ መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ወደ አብርሃም ድንኳን የሚሄደውን ሁሉ “ያ ደግ የምትሉት ሰው እንዲህ አደረገኝ” እያለ ይመልሳል። አብርሃም ያለ እንግዳ አይበላምና ሦስት ቀን ይጾማል። የስልኩ አታላይም የሠራው ይህንኑ ነው። የወሰደው ብር ተመልሶ ይገኛል ወይም አይገኝም፤ የመለሳቸው እንግዶች ግን ይበዛሉ።

ደብረ ወርቅ ደግሞ ከሌላ ቦታ በመጣ ሰው የቆመች ከተማ ናት። የማርያም ገዳሟ ዙሪያ ለዘመናት የተማሩት ልጆች አብዛኞቹ አገራቸው ሩቅ ነበር፤ ለምነው በልተው፣ በሰው ደጅ አድረው ነው ዜማውንና ቅኔውን ያወቁት። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በ1958 ያሳተሙት ሐዲስ አለማየሁ ከደብረ ኤልያስና ከዲማ ጋር ደብረ ወርቅንም በትምህርት ቤትነት ያውቋት ነበር። ያን ጊዜ ሰፈሩ ቡና ላይ ተቀምጦ “የማናውቀውን አናሳድርም” ብሎ ቢሆን ኖሮ ለማን ይበጅ ነበር? ዛሬ “ፀጉረ ልውጥ ሰው ስታዩ ጠቁሙ” የሚለው ማሳሰቢያ በየስብሰባው ይደጋገማል። በጦርነት መካከል የሚኖር ሕዝብ መፍራቱ የሚገባ ነው፤ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ማሳሰቢያው ምን እንደሚታይ አይናገርምና ሰው የሚያየው ፊት ብቻ ይሆናል።

አዲስ አበባ ላይ የሚያዙት ተከራዮች ታሪክ የሚያስረዳው ተቃራኒውን ነው። በሕገወጥ መንገድ የውጭ ጥሪ የሚያስተላልፉበትን ሲም ቦክስ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የተከሉ ሰዎች በተደጋጋሚ ተይዘዋል። ሌሎች ደግሞ በዕቃ የተሟላ ቤት ለጥቂት ቀን ይከራዩና ባለቤት መስለው ለሌላ ሰው ያሳያሉ፤ ቀብድ ተቀብለው ይሰወራሉ። እንዲህ ያለው ሰው አለባበሱ የተስተካከለ ነው፣ ደላላው ያመሰግነዋል፣ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል። ሕጉም አከራዩን እዚህ ላይ ብዙ አያግዘውም፤ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ያሰበው ከሁለት ዓመት ስለማያንስ ውል ነው። የሦስት ሌሊት እንግዳ ጉዳይ ለአከራዩ ዓይን የተተወ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ የግድ ነው፤ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ግን ሰሞኑን አከራዮች እንዴት እንደሚጠይቁ ሲያይ ሌላ ስጋት አድሮበታል። የእንግዳውን መታወቂያ ፊትና ጀርባ በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ፤ ፎቶውን ለደላላው በቴሌግራም ይልካሉ፤ ደላላው ለማን እንደሚያስተላልፈው አይታወቅም። የፋይዳ ቁጥር አሥራ ሁለት አሃዝ ያለው፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚይዘው ቁጥር ነው፤ እንደ በር ቁልፍ አይለወጥም። አገሪቱ በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ያወጣችው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይዝረከረክ ነው። ኤርቢኤንቢም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ በሚከራይ ቤት ውስጥ ካሜራ መትከልን ከልክሏል፤ እንግዳም ከአከራይ የሚጠበቅበት ነገር አለውና።

ለደብረ ወርቅ የሚበቃው አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ነው። ስም፣ የመጣበት ከተማ፣ የሚሄድበት፣ እዚህ የሚያውቀው ሰው፣ የስልክ ቁጥር፣ ስንት ሆነው እንደሚያድሩ። መታወቂያው ከመዝገቡ ጋር ተያይቶ እዚያው ለባለቤቱ ይመለስ፤ ፎቶ አይነሣ። የተጻፈው ስልክ ላይ እንግዳው ፊት ቆሞ ሳለ ይደወልለት። በስልክ ቦታ የሚይዝም ይህንኑ ይጠየቅ፤ ሂሳቡም በ*127# ሳይታይ አንድ ብር “ትርፍ” ተብሎ አይመለስ። ከቢቸና በኩል የመጣውም፣ ከሞጣ በኩል የመጣውም፣ በዘመናዊ መኪና የመጣውም፣ ደበሎ ለብሶ የመጣውም በአንድ መዝገብ ይጻፍ።