በሌሊት የታለፈ አህጉር

ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በየብስ እስከ ጆሃንስበርግ ለመጓዝ ማሰቤን ለወዳጆቼ የነገርኩ ዕለት የገጠመኝን ላውጋችሁ። አንደኛው ሳቀ። ሁለተኛው፣ «ደህና ነህ ወይ? ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ?» አለኝ። ሦስተኛው ግን ሲኒውን አስቀምጦ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ገንዘቡ ካለህ ዱባይ ወይም አውሮፓ አትሄድም? ለመሆኑ አፍሪካ ውስጥ ምን ልታይ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ሲጠይቀኝ የተቀመጠው አፍሪካ ውስጥ ነበር።

ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለም ባላባከንኩበት ነበር። ግን የብዙዎቻችን ነው። በእኛ አነጋገር አፍሪካ የሚጀምረው ከሞያሌ ወዲያ ነው። ኬንያዊውን «አፍሪካዊ» እንለዋለን፤ ራሳችንን «ሐበሻ»። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በከተማችን ነው፤ ተተኪው ኅብረትም መቀመጫው እዚሁ ነው። «የአፍሪካ መዲና» መባሉን እንወደዋለን። የመሪዎች ጉባኤ ደርሶ መንገድ ሲዘጋብን ግን «አፍሪካውያኑ መጡ» እንላለን። ኪራዩን እየተቀበለ ዝምድናውን የሚክድ ባለቤት ማለት እኛ ነን። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ያሉት አባቶቻችን ወደው አይደለም።

«ምን ልታይ ነው?» ላለኝ ወዳጄ ልመልስለት። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ትናንት በጭነት መኪና አናት ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅ ኮረኮንች ነበር። ዛሬ አስፋልት ነው። በዚያ መንገድ ከኬላው ወዲህም ወዲያም የማገኘው ቦረናን ነው፤ አንድ ቋንቋ፣ አንድ የከብት ፍቅር። ድንበሩ መሬቱን ለሁለት ከፈለው እንጂ ቦረና ቦረናነቱን ለሁለት አልከፈለም። ድንበር ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መጽሐፍ አላውቅም።

ከናይሮቢ በናማንጋ አድርጌ ታንዛንያ እገባለሁ። ከዳሬ ሰላም እስከ ዛምቢያዋ ካፒሪ ምፖሺ 1,860 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ አለ፤ ታዛራ ይሉታል። ዛምቢያ ነፃ ስትወጣ መዳቧን ወደ ባሕር የምታወጣው ነጮች በሚገዟቸው በሮዴዢያና በደቡብ አፍሪካ በኩል ነበር። ኔሬሬና ካውንዳ ሌላ መውጫ ፈለጉ፤ ምዕራባውያኑ «አያዋጣም» አሏቸው፤ ቻይና አበደረቻቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970 ተጀምሮ በ1975 አለቀ። ባቡሩ ይዘገያል፣ ይበላሻል፣ የሚቆምበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ሁለት ድሃ አገሮች ለሰው ደጅ አንገዛም ብለው ያዘረጉት ሐዲድ ነው። እሱን ለማየት አንድ ሳምንት ብጠብቅ ምን እሆናለሁ?

ቀጥሎ ዛምቤዚ ላይ ያለው ፏፏቴ ነው። ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1855 ደርሶ በንግሥቱ ስም «ቪክቶሪያ» አለው። የአገሩ ሰው ግን ከእሱ በፊት «ሞሲ ኦ ቱንያ» ብሎት ነበር፤ የሚያገሳ ጭስ ማለት ነው። እኛስ ዓባይ ላይ ያለውን ምን አልነው? ጢስ ዓባይ! በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀው የሚኖሩ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ውሃ ሲወድቅ አይተው አንድ ነገር አሰቡ። ወዳጄ፣ ይህ አያስገርምህም?

ከዚያ ወዲያ ታላቋ ዚምባብዌ አለች፤ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የታነጸ ግንብ። የቅኝ ገዢዎቹ ዘመን ሰዎች ይህን ጥቁር ሕዝብ ሠራው ብለው ማመን አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ1871 የደረሰው ጀርመናዊ ካርል ማውክ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ነው እስከ ማለት ደረሰ። ልብ በሉ፣ በእኛዋ ንግሥት ስም የወንድሞቻችን ግንብ ተነጠቀ! እ.ኤ.አ. በ1929 ስፍራውን የቆፈረችው እንግሊዛዊት አርኪዮሎጂስት ጌርትሩድ ኬተን ቶምሰን ሥራው የአፍሪካውያን መሆኑን በማስረጃ ብታሳይም የሮዴዢያ ገዢዎች መስማት አልፈለጉም። ሕዝቡ ነፃ ሲወጣ አገሩን በግንቡ ስም ጠራ። እኛ ስለ ላሊበላ «መላእክት ናቸው የሠሩት፣ ፈረንጆች ናቸው የሠሩት» እየተባባልን የምንከራከር ሰዎች ከዚያ ግንብ ሥር የምንማረው ጠፍቶ ነው?

ጉዞዬን ሳቅድ የመንገድ መምሪያ መጻሕፍትን አገላበጥኩ። ሁሉም የፈረንጅ ናቸው፤ ለፈረንጅ የተጻፉ። ከኬፕ እስከ ካይሮ የሚባለው የጀብዱ ጉዞ ሐሳቡ የሴሲል ሮድስ ነው፤ ሁሉን በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ለማገናኘት የታለመ መስመር። ግሮጋን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1900 ድረስ መስመሩን ተከትሎ ሄዶ ዝነኛ ሆነበት። በየመምሪያው ውስጥ እንስሳቱ ምዕራፍ ምዕራፍ ተሰጥቷቸዋል፤ ሰዎቹ ግን በብዛት የሚገኙት «ጥንቃቄ» በሚለው ክፍል ነው። ፈረንጅ ለምን መጣ አልልም፤ ይምጣ፣ ይይ፣ ገንዘቡንም ያውጣ። የእኔ ጠብ ዓይኑን ከተዋስነው ከእኛ ጋር ነው። የታንጀሩ ኢብን ባቱታ እኮ አፍሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1331 ሞቃዲሾንና ኪልዋን አየ፤ በ1352 ሰሐራን አቋርጦ ማሊ ገባና መንገደኛው ሌባ የማይፈራበት አገር መሆኑን አድንቆ ጻፈ። የራሳችን መንገደኛ እያለን ሮድስን ማን ሹም አለን?

«አደጋስ?» ይሉኛል። አደጋ የለም አልልም። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጦርነት ስለነደደች የካይሮውን ግማሽ መንገድ ከዕቅዴ አውጥቻለሁ። ግን በገዛ አገራችን መንገድ ተሳፋሪ ከአውቶቡስ እየወረደ ሲታገት የሰማን ሰዎች ስለ ሌላው አገር አደጋ አፋችንን ሞልተን ለመናገር አንችልም። እኔን እስካሁን ያስቸገረኝ አንበሳም ወባም ሳይሆን ወረቀት ነው። ኬንያ ከእኛ ጋር ለረጅም ጊዜ በቆየ ስምምነት ያለ ቪዛ ታስገባለች፤ እግዜር ይስጣት። ከዚያ በኋላ ያለው ደጅ ጥናት ነው። በአንዱ ኤምባሲ መስኮት የባንክ ሂሳቤን፣ የሥራ ደብዳቤዬን፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴን አቀረብኩ። ጸሐፊዋ የደርሶ መልስ አውሮፕላን ቲኬት ጠየቀችኝ። «እመቤቴ፣ በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አልኳት። «ታዲያ መሄድዎን በምን እናምናለን?» አለችኝ። ሰው በመሬት ላይ መሄዱ ተአምር ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መሪዎቻችን ዝም አላሉም፤ መግለጫ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ ፓስፖርት ተመረቀ፤ የመጀመሪያዎቹን ለራሳቸው ለፕሬዚዳንቶች ሰጡ። ሰው አልባ በሆነ ሠርግ ሙሽሮቹ ብቻ እንደ በሉት ድግስ ቀረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 እዚሁ አዲስ አበባ በነፃ የመዘዋወር ፕሮቶኮል ተስማሙ፤ ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። ዓመታት አልፈው ያጸደቁት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሩዋንዳና ቤኒን በራቸውን ለአፍሪካዊ ሁሉ መክፈታቸው የማይቻል ነገር አለመሆኑን ያሳያል። ስለዚህ የጎደለው ፈቃድ ነው።

ወዳጆቼ ያልጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ «ለምን ጆሃንስበርግ?» የሚል። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው። ከሆሳዕና ተነሥቶ የሄደው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ሱቅ በደረቴ ሆኖ ብርድ ልብስና መጋረጃ እየተሸከመ ቤት ለቤት ሲሸጥ ቆይቶ አሁን ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ዕቅዴን ስጀምር ደወልኩለት። መንገዱን እሱ ስለሚያውቀው የት ማደር፣ ምን ማየት እንደሚሻል ልጠይቀው ብዬ ነው። ጥቂት ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አላየሁም፤ በሌሊት ነው ያለፍነው፤ ቀን ቀን ጫካ ውስጥ ያስተኙን ነበር፣ መኪና ላይ ደግሞ ሸራ ያለብሱናል» አለኝ። ይህ ልጅ እኔ የማልመውን አህጉር ከዳር እስከ ዳር አቋርጧል። ተራራውንም ባቡሩንም ፏፏቴውንም አልፏቸዋል። አንዱንም አላየም።

እሱ ዕድለኛው ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ስፍራ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት የ64 ኢትዮጵያውያን ሬሳ ተገኘ፤ በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም የእኛው ልጆች ናቸው ተባለ። እነዚህ ልጆች የሞቱት አፍሪካ አስፈሪ ስለሆነች አይደለም። በቀን፣ በመስኮት በኩል እያዩ፣ ትኬት ቆርጠው የሚሄዱበት መንገድ ስለተዘጋባቸው ነው። መንገዱማ ነበረ። ቱሪስት በዚያው መንገድ ፎቶ እያነሳ ያልፋል፤ ደላላ በዚያው መንገድ ሰው እንደ ጆንያ ጭኖ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ተራ መንገደኛ ነው የጠፋው።

እኔ የምጠይቀው ለዚህ ተራ መንገደኛ ነው። መንግሥታችን የአህጉሩ አስተናጋጅ ነኝ ካለ ፕሮቶኮሉ ወደ ተግባር እንዲገባ ደጋግሞ ይናገር፣ ይጎትጉት፤ ከጎረቤቶቻችን ጋር ከኬንያ ጋር እንዳለው ዓይነት ስምምነት ይፈራረም። እኛም «አፍሪካውያን» ስንል ራሳችንን ማስገባት እንልመድ። ደመወዝተኛው እንኳ ቀስ በቀስ ቆጥቦ፣ በሕዝብ አውቶቡስና በባቡር ናይሮቢ ወይም ዳሬ ሰላም ደርሶ መመለስን ያስብ። ለልጁ ደላላ ሳይሆን ካርታ ያሳየው።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት የእህቴ ልጅ አንድ ነገር ለመነኝ። «ጋሼ፣ አንተ በቀን እለፍ። ከዚያ ምን እንደሚመስል ትነግረኛለህ» አለኝ። ምን ልታይ ነው ላልከኝ ወዳጄም መልሴ ይኸው ነው።